ወደ ቤት የገባችን የሌሊት ወፍ ያለ ጉዳት ማስወጣትና ተመልሳ እንዳትገባ ማድረግ

የሌሊት ወፍ በሰው ቤት ውስጥ የምትገኘው በሁለት ዓይነት አጋጣሚ ነው። አንዳንዴ ምሽት ላይ ነፍሳት ስታሳድድ በተከፈተ መስኮት መንገድ ስታ ትገባለች፤ እንዲህ ያለችው ካልተዋከበች በአጭር ጊዜ ውስጥ መውጫዋን ታገኛለች። አንዳንዴ ደግሞ ሳሎን ውስጥ የታየችው አንዲት የሌሊት ወፍ በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል ከሰፈረ መንጋ ተነጥላ የመጣች ትሆናለች፤ በዚህ ጊዜ እርሷን ማስወጣት ብቻውን ችግሩን አይፈታም፤ በሳምንቱ ሌላዋ ትመጣለች።

ይህ መመሪያ ሁለቱንም ሁኔታዎች በየተራ ይመለከታል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንድ ነገር ሊሰመርበት ይገባል፦ በዚህ ሥራ ትልቁ ስህተት የቅደም ተከተል መዛባት ነው። ሰው ጣሪያው ውስጥ የሌሊት ወፍ መኖሩን ባወቀ ጊዜ በመጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ የሚገቡበትን ቀዳዳ መድፈን ነው፤ ያ ቀዳዳ ግን ከሥራዎቹ ሁሉ መጨረሻ ላይ መደፈን ያለበት ነው። ከዚያ በፊት የቤተሰቡ ጤንነት ይረጋገጣል፣ መውጫዎቹ በሙሉ ይለያሉ፣ መብረር ያልቻሉ ግልገሎች መኖር አለመኖራቸው ይጣራል፣ ከዚያም እንስሳቱ በራሳቸው ጊዜ ወጥተው እንዳይመለሱ መንገድ ይበጃል። ይህን ቅደም ተከተል የጠበቀ ሰው ሥራውን አንድ ጊዜ ሠርቶ ይገላገላል፤ ያልጠበቀው በየዓመቱ ይደግመዋል።

ስለ እንስሳዋ ጥቂት

የሌሊት ወፍ ወልዳ የምታጠባ እንስሳ ናት። በዓለም ላይ ከ1400 በላይ ዝርያዎች ያሉ ሲሆን፣ በጣሪያና በግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ የሚጠለሉት በአብዛኛው ነፍሳት የሚመገቡት ትናንሾቹ ናቸው። እንደ አይጥ በፍጥነት አትራባም፤ አብዛኞቹ ዝርያዎች በዓመት አንድ ልጅ ብቻ ይወልዳሉ። ጥርሷም ጣውላ ለመቦርቦር ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ ለመቆራረጥ የተሠራ አይደለም፤ ያለውን ቀዳዳ ትጠቀማለች እንጂ አዲስ አትከፍትም። ስለዚህ በሚገባ የተዘጋ ቤት በእርሷ ዳግመኛ አይከፈትም።

በአንጻሩ ዕድሜዋ ከአካሏ መጠን ጋር ሲነጻጸር እጅግ ረጅም ነው። ከ20 ዓመት በላይ የሚኖሩ ዝርያዎች አሉ፤ ብዙዎቹም ከዓመት ወደ ዓመት ወደለመዱት መጠለያ ይመለሳሉ። አንድ ክፍተት ረስቶ ሥራውን የጨረሰ ሰው በሚቀጥለው ወቅት እነዚያኑ እንግዶች መልሶ ቢያገኛቸው ሊገርመው አይገባም።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ የተነካ ሰው መኖሩን ማረጋገጥ

መስኮት ከመክፈትዎ በፊት ይህን ጥያቄ ይመልሱ። የሌሊት ወፎች የእብድ ውሻ በሽታን ቫይረስ ወይም የእርሱ የቅርብ ዘመድ የሆኑ ሌሎች ቫይረሶችን ሊሸከሙ ይችላሉ። እርግጥ ነው፣ በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ሰዎች እጅግ አብዛኞቹ የሚያዙት በውሻ ንክሻ ነው፤ አብዛኞቹ የሌሊት ወፎችም ከቫይረሱ ነጻ ናቸው። ይሁን እንጂ የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ በኋላ መዳን የለም በሚባል ደረጃ ገዳይ በመሆኑ፣ የመያዝ ዕድሉ አነስተኛ ነው ብሎ ነገሩን ማለፍ አይቻልም። ምልክት ከመታየቱ በፊት በጊዜ የሚሰጥ ክትባት ግን በሽታውን ይከላከላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሊት ወፍ ጋር በቀጥታ መነካካትን ከፍተኛ ጥንቃቄ ከሚጠይቀው ሦስተኛው የተጋላጭነት ደረጃ ውስጥ ያስቀመጠውም ስለዚህ ነው።

ለመሆኑ መነካካት የሚባለው ምንድን ነው? መነከስና መቧጨር ግልጽ ናቸው። ምራቋ ዓይን፣ አፍ ወይም ቁስል ውስጥ ከገባ፣ እንዲሁም አንድ ሰው በባዶ እጁ ይዟት ከነበረ፣ ይህም ከመነካካት ይቆጠራል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላው ሁኔታ ነው። የትናንሾቹ ዝርያዎች ጥርስ እንደ መርፌ ጫፍ የቀጠነ ስለሆነ ንክሻው ደም ላያወጣ፣ ምልክትም ላይተው ይችላል፤ የተኛ ሰው ላይነቃ፣ ሕፃን ልጅም ላይናገር ይችላል። ስለሆነም ከእንቅልፍዎ ነቅተው የሌሊት ወፍ ክፍሉ ውስጥ ካገኙ፣ ወይም ብቻውን በተተወ ሕፃን፣ በመጠጥ አእምሮው በደከመ ወይም የሆነውን ማስረዳት በማይችል ሕመምተኛ አጠገብ ካገኟት፣ ንክሻ ስላልታየ ብቻ ምንም አልተፈጠረም ብለው አይደምድሙ፤ ለሐኪም ነግረው እርሱ ይወስን።

መነካካት ካለ ወይም ከተጠረጠረ ቦታውን ወዲያውኑ በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ይጠቡ። ይህ የሌላ ሕክምና ማሟያ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ቫይረሱን ከቁስሉ የሚያስወግድ ራሱን የቻለ ትልቅ እርምጃ ነው። ከታጠበ በኋላ ፖቪዶን አዮዲን ወይም አልኮል ማድረግ ይቻላል፤ ቁስሉን የሚያቃጥልና የሚያስቆጣ ነገር፣ የቅጠል ጭማቂም ቢሆን፣ መነስነስ ወይም መቀባት ግን ጎጂ ነው። ከዚያ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ክትባቱ በተለያዩ ቀናት በተከታታይ የሚሰጥ ስለሆነ ሁሉም ዙር መጠናቀቅ ይኖርበታል፤ ከመጀመሪያው ዙር ጋርም በቁስሉ ዙሪያ ፈጣን መከላከያ የሚሰጥ ኢሚውኖግሎቡሊን የተባለ መድኃኒት ሐኪሙ ሊያዝ ይችላል። ቀደም ሲል የተከተበ ሰውም ቢሆን ተጨማሪ ዙሮች ያስፈልጉታልና መሄዱን አያስቀር።

መነካካት በተጠረጠረበት ጊዜ የሌሊት ወፏን አይልቀቋት። ምርመራ በሚደረግበት አካባቢ ከሆኑ ከቫይረሱ ነጻ መሆኗን ማወቅ የሚቻለው እርሷ ስትገኝ ብቻ ነው። ከዚህ በታች በተገለጸው መንገድ ዕቃ ውስጥ ከተው ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ያስረክቧት። ምርመራው የሚደረገው በአንጎሏ ላይ በመሆኑ ጭንቅላቷን መምታት ወይም መጨፍለቅ ማስረጃውን ያጠፋል። ሞታ ከተገኘችም በጓንት አንስተው በሁለት ፌስታል ጠቅልለው ከምግብ በራቀ ቀዝቃዛ ቦታ ያቆዩዋት። ይሁንና የምርመራ ውጤት እስኪመጣ ድረስ ክትባት መጀመርን ማዘግየት የለብዎትም፤ ስለዚህ ጉዳይ የሐኪሙን ምክር ይከተሉ። ውሻ ወይም ድመት ከነካቻትም የእንስሳት ሐኪም ማማከር ግድ ነው፤ ከዚያ በፊት የተከተቡ ቢሆኑም እንኳ።

የተነካ ሰው ከሌለ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

በክፍሉ ውስጥ እየበረረች ከሆነ

የሌሊት ወፍ በጠባብ ክፍል ውስጥ ስትዞር ወደ ግድግዳው ስትጠጋ ከፍ ትላለች፣ በክፍሉ መሐል ስታልፍ ደግሞ ዝቅ ትላለች። መሐል ላይ የቆመ ሰው ይህን ጥቃት ነው ብሎ ይደነግጣል። እርሷ ግን ሰው ላይ ለማረፍም ሆነ ፀጉር ውስጥ ለመግባት እየሞከረች አይደለም፤ የድምፅዋን ገደል ማሚቶ እያዳመጠች መውጫ ትፈልጋለች። ስለዚህ ከመሐል ይውጡና ግድግዳ ተጠግተው ይቁሙ፤ ያን ጊዜ በረራዋ ከእርስዎ ይርቃል።

ልጆችንና የቤት እንስሳትን ወደ ሌላ ክፍል ይውሰዱ። ወደ ሌሎች ክፍሎች የሚያስገቡ በሮችን ሁሉ ዘግተው በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በጨርቅ ይድፈኑ፤ በእግሯና በክንፏ እየዳኸች በጠባብ ክፍተት ማለፍ ትችላለችና። የጣሪያ ማራገቢያ ካለ ከሁሉ በፊት ያጥፉት። ከዚያ ወደ ውጭ የሚያስወጡትን መስኮቶችና በሮች በተቻለ መጠን ወለል አድርገው ይክፈቱ፤ መጋረጃውን ወደ ጎን ሰብስቡት፣ የወባ ትንኝ መከላከያ ወንፊት ካለውም ያንሱት። በመጨረሻም የክፍሉን መብራት ያጥፉ፤ ከመስኮቱ ውጭ ያለውንም እንዲሁ። ብርሃን ካለበት ይልቅ ወደ ጨለማው መሄድን ትመርጣለችና፣ ውጪው ከውስጡ ይበልጥ ብሩህ ከሆነ ትዘገያለች። ከሌላ ክፍል የሚመጣ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ለመከታተል ይበቃል።

የቀረው ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ትወጣለች። ክፍሉን ዘግተው ሄደው በኋላ ከመመለስ ይልቅ ቆመው መውጣቷን በዓይንዎ ቢያዩ ይመረጣል፤ አለበለዚያ ከመጋረጃ ጀርባ ተሸሽጋ ትሁን ወጥታ ትሁን ማወቅ ስለማይቻል፣ ያ ጥርጣሬ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ይነሣል። በመጥረጊያ ወይም በፎጣ ማሳደድ ፈጽሞ አይገባም። የክንፏ አጥንቶች እጅግ ቀጭን ስለሆኑ በትንሽ ምት ይሰበራሉ፤ የተጎዳች የሌሊት ወፍ ደግሞ መውጣት አትችልም፣ ለመያዝ የሚቀርባትንም ራሷን ለመከላከል ትነክሳለች።

ካረፈች በኋላ መያዝ

ደክሟት ስታርፍ አብዛኛውን ጊዜ የምትገኘው በመጋረጃ እጥፋት፣ በቁም ሣጥን አናት፣ ከተሰቀለ ሥዕል ጀርባ ወይም በግድግዳው ከፍተኛ ጥግ ላይ ነው። ለመያዝ ወፍራም የቆዳ ጓንት ያስፈልጋል፤ ስስ የጎማ ወይም የጥጥ ጓንት ጥርሷን አይመክትም። ጓንቱን ቢያደርጉም በእጅ ጨብጦ መያዝ ግድ ካልሆነ በቀር አይመከርም። ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ዕቃ ወይም ትንሽ ካርቶን ይዘው ቀስ ብለው ይጠጉና ዕቃውን በላይዋ ደፍተው ከግድግዳው ጋር ያጣብቁት። ከዚያ ጠንካራ ወረቀት በዕቃውና በግድግዳው መካከል በዝግታ ያስገቡ፤ ክንፏ ወይም የእግሯ ጣት እንዳይቆነጠጥ አንድ ጊዜ ገፋ፣ አንድ ጊዜ ቆም እያደረጉ። ወረቀቱ እንደ ክዳን ሆኖ ዕቃውን ሲሸፍን አጥብቀው ይዘው ወደ ውጭ ይውሰዷት።

መሬት ላይ አያስቀምጧት። ብዙ ዝርያዎች ከመሬት ተነሥተው መብረር ይቸግራቸዋል፤ ከፍ ካለ ቦታ ወደ ታች ወድቀው ነው በረራ የሚጀምሩት። ስለዚህ ዕቃውን ከዛፍ ግንድ ወይም ከሸካራ ግድግዳ ጋር ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ አስጠግተው ወረቀቱን ያንሱ፤ እርሷ ራሷ ወጥታ ትንጠለጠላለች፣ ጥቂት ቆይታም ትበራለች።

ይህ የሚደረገው ግን ከጨለመ በኋላ ነው። የተያዘችው ቀን ከሆነ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ካርቶን ውስጥ የምትንጠለጠልበትና የምትሸሸግበት ጨርቅ አድርገው፣ ከ5 ሚሊ ሜትር የማይበልጡ የአየር ቀዳዳዎች በስተው፣ በጠርሙስ ክዳን ትንሽ ውኃ አኑረውላት፣ ጸጥ ባለ ጨለማ ቦታ እስኪመሽ ያቆዩዋት። ከተለቀቀች በኋላ መብረር ካቃታት ወይም ከመጀመሪያውም በቀን ብርሃን ወለል ላይ ወድቃ የተገኘች ከሆነ የመታመም ወይም የመጎዳት ዕድሏ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ይበልጥ ተጠንቅቀው የዱር እንስሳት ተንከባካቢ ወይም የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።

መንጋ መኖሩን ማጣራት

አንዲት የሌሊት ወፍ አንድ ጊዜ መግባቷ መንጋ አለ አያሰኝም። በተደጋጋሚ ከታየ ግን መመርመር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ምልክት ድምፅ ነው፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትልና ጎህ ሲቀድ ከኮርኒሱ በላይ ጩኸትና መቧጨር ይሰማል፣ በመሐሉ ጸጥ ይላል። አይጥ ግን ሌሊቱን በሙሉ ስትሯሯጥ ትሰማለች። ሁለተኛው ምልክት ኩስ ነው። የአይጥና የሌሊት ወፍ ኩስ በመጠንና በቀለም ስለሚመሳሰሉ በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል፤ በጓንትና በወፍራም እርጥብ ወረቀት ይዘው ሲጫኑት የአይጡ ደንዳና ሆኖ ይጸናል፣ የሌሊት ወፏ ግን በቀላሉ ይፈርሳል፣ በውስጡም የሚያብረቀርቅ የነፍሳት ክንፍና ቅርፊት ስብርባሪ ይታያል። አይጥ በየሄደችበት ስታንጠባጥብ፣ የሌሊት ወፍ ኩስ ግን ከምትንጠለጠልበትና ከምትወጣበት ሥር ተከምሮ ይገኛል። ከዚህ ሌላ በቀዳዳው አፍ ዙሪያ የገላዋ ቅባት የተወው ጠቆር ያለ እድፍ፣ የቆየ መንጋ ባለበትም አፍንጫ የሚሰነፍጥ የአሞኒያ ሽታ ይኖራል።

መንጋ መኖሩ ከተረጋገጠ መውጫዎቹን ማግኘት ይቀራል። እዚህ ላይ መቸኮል አያዋጣም፤ የሥራው ሁሉ ውጤት የሚወሰነው በዚህ ነውና። ሁለት ሰዎች በቤቱ ሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖች ቢቆሙ አራቱንም ጎኖች ማየት ይችላሉ። ፀሐይ ከመጥለቋ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምረው፣ ከጠለቀች በኋላም አንድ ሰዓት ያህል ቆመው፣ እያንዳንዷ ከየት እንደወጣች ይመዝግቡ፤ ቢቻል ቦታውን ፎቶ ያንሱት። ዝናብ፣ ብርድ ወይም ኃይለኛ ነፋስ ባለበት ምሽት ብዙዎቹ ስለማይወጡ ደረቅና ጸጥ ያሉ ምሽቶችን መርጠው ይድገሙት። በእጅ ባትሪ መውጫውን በቀጥታ ማብራት ግን እንዳይወጡ ያደርጋቸዋል።

በቀን ደግሞ ቤቱን ከውጭ በጥንቃቄ ይዞሩታል። ትንሿ ዝርያ 1.5 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ስንጥቅ ሾልካ ትገባለች፤ ስለዚህ አውራ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ሁሉ ይጠረጠራል። የቆርቆሮ ጣሪያ ሞገድ በግድግዳው አናት ላይ ሲያርፍ የሚተወው ክፍተት፣ የተሰነጠቀ ወይም የተንሸራተተ የሸክላ ክዳን፣ ከአሸንዳ ጀርባ ያለው ጣውላ፣ የጭስ ማውጫ ጎን፣ ወንፊቱ የተቀደደ የአየር ማስገቢያ፣ ቧንቧና ሽቦ የሚያልፍበት ቀዳዳ በብዛት የሚገኙበት ነው። ወደ ኮርኒሱ ውስጥ የሚወጣ ሰው በተሸካሚ ጣውላዎቹ ላይ ብቻ ይርገጥ፤ የኮርኒስ ሰሌዳ የሰው ክብደት አይችልም፣ ያልተሸፈነ የኤሌክትሪክ ሽቦም ሊኖር ይችላል። ውስጥ ሆኖ ባትሪውን ሲያጠፋ ብርሃን የሚያስገባው ሁሉ በውጭ ያመለጠውን ያሳየዋል።

ጊዜውን መምረጥ

ግልገል ባለበት ወቅት መውጫ መዝጋት ጨካኝ ከመሆኑም በላይ ለቤቱ ባለቤት ራሱ ጎጂ ነው። አራስ እናቶች ማታ ልጆቻቸውን ትተው ለምግብ ይወጣሉ፤ ተመልሰው መግባት ሲከለከሉ በቤቱ ዙሪያ ሌላ ቀዳዳ ሲፈልጉ ያድራሉ፣ ከዚያም ቀድሞ ታይተው ወደማያውቁባቸው ክፍሎች ይገባሉ። መብረር የማይችሉት ግልገሎች ደግሞ ውስጥ ይቀሩና ሞተው ይበሰብሳሉ፤ የሽታውና የዝንቡ ጣጣ ከመጀመሪያው ችግር ይከፋል።

ግልገሎቹ በራሳቸው መብረር የሚጀምሩት በአብዛኞቹ ትናንሽ ዝርያዎች ዘንድ ከተወለዱ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ብርድ በሚበረታባቸው አገሮች ወሊዱ በሞቃታማው ወቅት መጀመሪያ ላይ ስለሚሆን፣ ማስወጣቱ እስከ ወቅቱ ማብቂያ ይዘገያል። በሞቃታማ አገሮች ግን ወሊዱ ብዙውን ጊዜ ዝናብ መጥቶ ነፍሳት ከሚበዙበት ጊዜ ጋር ይገጥማል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚወልዱ ዝርያዎችም አሉ። ጥሩው ማጣሪያ ይህ ነው፦ ምሽት ላይ ትልልቆቹ ወጥተው ካበቁ በኋላ ከኮርኒሱ ሥር ጆሮ ይጥሉ፤ ቀጭን ጩኸት ከቀጠለ ግልገሎች አሉና ለጥቂት ሳምንታት ይታገሡ። በሌላ በኩል በብርድ ወቅት ረጅም እንቅልፍ የሚተኙት ዝርያዎች ጨርሰው ስለማይወጡ፣ የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች በሆነበት ወራት ይህን ሥራ መጀመር ከነሕይወታቸው መቅበር ይሆናል።

የአገርዎን ሕግም አስቀድመው ይጠይቁ። በብዙ አገሮች የሌሊት ወፎች በሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ ለምሳሌ በብሪታንያ የሌሊት ወፎቹ በሌሉበት ወቅት እንኳ መጠለያቸውን ያለ ፈቃድ መዝጋት ወንጀል ነው።

የአንድ አቅጣጫ መውጫ መሥራት

ዘዴው የተመሠረተው በቀላል ነገር ላይ ነው፤ የሌሊት ወፍ ስትወጣ ወደ ታች ተንሸራታ ትወድቃለች፣ ስትመለስ ግን በለመደችው ቀዳዳ አፍ ላይ በቀጥታ ታርፋለች። ስለዚህ ከሥር ክፍት ሆኖ ከፊት ለፊት የተጋረደ መውጫ ያስወጣታል እንጂ አያስገባትም።

በመጀመሪያ መንጋው የማይጠቀምባቸውን ክፍተቶች ሁሉ ይድፈኑ፤ ይህ ካልተደረገ የተከለከለችው የሌሊት ወፍ በጎን በኩል ትመለሳለች። ከዚያ በየመውጫው ላይ መረብ ይሰቀላል። የመረቡ ዓይን ከ4 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ይሁን፤ ሰፋ ካለ ክንፋቸው ይጠላለፍበታል። ከቀዳዳው በላይና በሁለቱ ጎኖች ከግድግዳው ጋር ይያያዝ፣ ከቀዳዳው በታች ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ግርጌው ክፍት ይተው። በግድግዳው ላይ ተለጥፎ መውጫ የሚያሳጣ እንዳይሆን ጥቂት ላላ ይበል። ቀዳዳው በማዕዘን ላይ ከሆነ ወይም መረብ የማይመች ከሆነ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ልሙጥ የፕላስቲክ ቱቦ፣ አፉ ወደ ታች ዘንበል ብሎ፣ በቀዳዳው ላይ ይገጠማል፤ ልሙጥነቱ ዋናው ነገር ነው፣ ጥፍሯ የሚይዘው ስለማይኖር በቱቦው ተመልሳ መግባት አትችልም። ቱቦው ወደ ውስጥ ገብቶ መግቢያውን እንዳያጠብ፣ ዙሪያውም ክፍተት እንዳይኖረው ይጠንቀቁ።

ይህ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይቆይ። ዝናብ ወይም ብርድ ከነበረ ቀኑን ያራዝሙ፤ አንዳንዶቹ ለተከታታይ ሌሊቶች ላይወጡ ይችላሉና። በእነዚህ ቀናት ምሽት ምሽት እየቆሙ ማየት ያስፈልጋል። በመረቡ ሥር መውጣት ያቃታት ካለች አሠራሩ ይስተካከላል፤ አዲስ ቀዳዳ ያገኙ ካሉም እርሱ ላይ ሌላ መረብ ይሰቀላል። በተከታታይ ጸጥ ባሉ ምሽቶች አንዲትም ሳትወጣ፣ ከኮርኒሱም ድምፅ ሳይሰማ ሲቀር መረቡን አንሥተው በዚያው ቀን ቀዳዳውን ይዝጉ።

ለመዝጊያ የሚሆነው በቀዳዳው ዓይነት ይለያያል። ለጠባብ ስንጥቅ ሲሊኮን፣ ለግንብ ሲሚንቶ፣ አየር ሊያልፍበት ለሚገባው ክፍተት 6 ሚሊ ሜትር ዓይን ያለው የማይዝግ የሽቦ ወንፊት ይስማማል። የአየር መተላለፊያዎችን በሲሚንቶ መድፈን ግን ጣሪያውን ለእርጥበት ይዳርገዋል።

ሰዎች የሚሞክሯቸውና የማይጠቅሙት

ናፍታሊን በጣሪያ ውስጥ ቢበተን የሌሊት ወፎቹን በዘላቂነት አያርቅም፤ ትነቱን የሚተነፍሰው ከሥር ያለው ቤተሰብ ነው። ከሰው ጆሮ በላይ ድምፅ ያሰማሉ የሚባሉ መሣሪያዎች መንጋን ከመጠለያው ስለማስወጣታቸው አስተማማኝ ማረጋገጫ የላቸውም። ጭስ ቃጠሎ ሊያስከትል ይችላል። የሙጫ ወጥመድ የያዛትን እንስሳ ለቀናት ያሠቃያል። ከሁሉ የከፋው መርዝ ነው፤ የተመረዙ የሌሊት ወፎች በግቢው ውስጥ መሬት ላይ ወድቀው ልጆችና ውሾች ስለሚያገኟቸው፣ በጣሪያ ውስጥ ተደብቆ የነበረው አደጋ እጅ ወደሚደርስበት ይወርዳል።

ኩሱን ማጽዳት

በተከማቸ የሌሊት ወፍ ኩስ ላይ ሂስቶፕላዝማ የተባለ ፈንገስ ሊያድግ ይችላል። ኩሱ ደርቆ ሲነካካ ዘሩ ከአቧራው ጋር ይነሣና በመተንፈስ ወደ ሳንባ ገብቶ ሂስቶፕላዝሞሲስ የተባለ ሕመም ያመጣል። ብዙ ሰው ቀላል ጉንፋን የሚመስል ነገር ብቻ ይሰማው ይሆናል፤ የበሽታ መከላከል አቅማቸው ለተዳከመ ሰዎች ግን ሕይወትን የሚያሰጋ ነው፤ እነርሱ ወደዚህ ሥራ ሊጠጉ አይገባም።

ዋናው ደንብ ደረቅ ኩስ አለመጥረግ ነው። ኤን 95 ወይም ከዚያ የተሻለ በፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ማስክ፣ የዓይን መከላከያ፣ ጓንትና ከሥራው በኋላ ወዲያው የሚታጠብ ወይም የሚጣል ልብስ ያድርጉ። ኩሱን በቀስታ በሚረጭ የሳሙና ውኃ አርሰው በአካፋ ወደ ወፍራም ፌስታል ይሰብስቡ፤ ፌስታሉን በሌላ ፌስታል ከተው ይቋጥሩት። ተራ የቤት አቧራ መሳቢያ ማሽን አይጠቀሙ፤ ብናኙን አጣርቶ ከመያዝ ይልቅ መልሶ ወደ አየሩ ይለቀዋል። ሽንት በጠገበ ክምር ላይ በረኪና ማፍሰስም አደገኛ ነው፤ ከአሞኒያው ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። በረኪና ቢያስፈልግ ሁሉም ተነሥቶ፣ ቦታው በሳሙና ታጥቦና ነፍሶ ካበቃ በኋላ፣ ጠንካራ ገጾችን ለመወልወል ብቻ ይሁን። ክምሩ ብዙ ከሆነ ወይም ኮርኒሱ በክብደቱ ጎብጦ ከሆነ ሥራውን ለባለሙያ ይተዉት።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኋን የመሰለ ነፍሳት በግድግዳ ላይ ሲሄድ ቢያዩ፣ ደም ይመጥጥባት የነበረችውን የሌሊት ወፍ ያጣ የትኋን ዘመድ ሊሆን ይችላል። ሰውንም ይነክሳል፤ ሆኖም ከሌሊት ወፎቹ ርቆ ለረጅም ጊዜ መራባት ስለሚቸግረው፣ ከኮርኒስ ወደ ክፍል የሚያስገቡ ስንጥቆችን መድፈንና የሰፈሩበትን ቦታ በሚገባ ማጽዳት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ሌሎች መጠለያዎች በሌሉበት አካባቢ የሚኖርና ነፍሳት እንዲቀነሱለት የሚሻ ሰው የእንጨት ሣጥን ሊሰቅልላቸው ይችላል። ውስጡ ጥፍር እንዲይዝ ሸካራ፣ ክፍተቱ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠባብ፣ ግርጌው ክፍት ሆኖ ከመሬት 4 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ከቅርንጫፍ በራቀና ከመኝታ ቤት መስኮት ጎን ባልሆነ ቦታ ይተከላል። ሣጥኑን እንዲለምዱት መረቡ ከመሰቀሉ ከብዙ ሳምንታት በፊት ቢዘጋጅ ይመረጣል፤ ይህም ቢሆን ይገቡበታል ብሎ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። በሚቀጥለው ዓመት፣ መንጋው ይመጣበት የነበረው ወቅት ሲደርስ፣ ለጥቂት ምሽቶች ውጭ ቆመው የቀድሞዎቹን መውጫዎች ይመልከቱ፤ የተሰነጠቀ ሲሊኮን ወይም የተላቀቀ ወንፊት ካለ ግልገሎች ከመወለዳቸው በፊት ይጠገን።